ሰላሜ የኪኒኑ ነው ወይስ የእግዚአብሔር?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንዴት ነዎት? ሐኪም ድባቴ አለብሽ ብሎኝ መድኃኒት ከጀመርኩ አምስተኛ ወሬ ነው። እንቅልፌ ተመልሷል፤ ለቅሶውም ቀንሷል። ኪኒኑን ግን ከመጽሐፍ ቅዱሴ ጋር ቦርሳ ውስጥ ደብቄ ነው የምይዘው። አንዲት እህት አየችብኝና «ይሄ እኮ አእምሮ የሚያደነዝዝ ነገር ነው፤ ከዕፅ በምን ይለያል? እምነት ቢኖርሽ አትወስጂውም ነበር» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ስጸልይ የማገኘው ሰላም የእግዚአብሔር ይሁን የኪኒኑ ግራ ገብቶኛል። ጾሙ ሲገባ ላቆመው አስቤያለሁ። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ሰላም ላንቺ ይሁን። ጾሙ ከመግባቱ በፊት መጠየቅሽ ደግ አደረግሽ። ከመጨረሻው ልጀምርልሽ፦ ኪኒኑን በራስሽ አታቁሚ። አደራ።

ለምን እንደምልሽ እንድትረጂኝ ኪኒኑ ምን እንደሚሠራ ላሳይሽ። በዚህ ነገር ብዙዎቻችን የምንፈርደው ሥራውን ሳናውቅ ነው።

አንጎላችን ውስጥ ወደ 86 ቢሊዮን የሚጠጉ የነርቭ ሴሎች አሉ። ቀን ከሌት ይነጋገራሉ፤ አብዛኞቹ ግን አይነካኩም። በመካከላቸው ክፍተት አለ። አንድ ሚሊሜትር 50,000 ቦታ ቢከፈል የአንዱን ክፋይ ያህል የሚሆን ቀጭን ክፍተት ነው። መልእክቱ እዚያ ዳር ሲደርስ ሴሉ በጥቃቅን ከረጢቶች የቋጠረውን ኬሚካል ይለቃል። ይህን ኬሚካል ሳይንቲስቶች ኒውሮትራንስሚተር ይሉታል፤ እኛ መልእክተኛ እንበለው። መልእክተኛው ማዶ ይሻገርና መክፈቻ በቁልፉ ቀዳዳ ልክ እንደሚገባ ሁሉ ለእሱ በተሠራው ተቀባይ ላይ ይገጥማል። ማዶ ያለው ሴል ይሰማል። የተረፈውን መልእክተኛ ወይ የላከው ሴል መልሶ ይስበዋል፣ ወይ እዚያው ይፈርሳል። ይህ ሁሉ ዐይንሽን ከድነሽ እስክትገልጪ እንኳ አይቆይም።

ይህ የታወቀው ደግሞ በሚገርም መንገድ ነው። ኦቶ ሎዊ የሚባል ሳይንቲስት ሌሊት በሕልሙ አንድ የሙከራ ሐሳብ መጣለት። ተነሥቶ ወረቀት ላይ ጫር ጫር አድርጎ ተኛ። ጠዋት የራሱን ጽሑፍ ማንበብ አቃተው። በማግስቱ ሌሊት ሐሳቡ ሲመለስለት ግን ተነሥቶ ቀጥታ ወደ ቤተ ሙከራው ሄደ። ሁለት የእንቁራሪት ልቦች ወሰደ። የአንደኛውን ነርቭ ቀሰቀሰ፤ የልቡ ምት ዘገመ። ያ ልብ የነበረበትን ፈሳሽ ቀድቶ ለሁለተኛው ልብ ሲሰጠው፣ ነርቩን ማንም ሳይነካው እሱም ዘገመ። ነርቭ በኬሚካል እንደሚናገር በ1921 እ.ኤ.አ. ለዓለም ያስታወቀው በዚህ ነው። በ1936 ከሄንሪ ዴል ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። እኔ ይህን ባነበብኩ ቁጥር ዳዊት «ግሩምና ድንቅ ሆኜ ተፈጥሬያለሁ» ያለው ትዝ ይለኛል።

አሁን ወደ ኪኒንሽ እንምጣ። ስሙን አልጻፍሽልኝም። ለድባቴ በብዛት የሚታዘዙት ግን ሴሮቶኒን የተባለው መልእክተኛ ቶሎ ተመልሶ እንዳይሳብ የሚከለክሉ ናቸው። አዲስ ደስታ ከውጭ አያመጡም። የራስሽ አንጎል የላከው መልእክተኛ ክፍተቱ ውስጥ ትንሽ እንዲቆይ ያደርጋሉ። የሚገርመው፣ ይህ ሥራ የሚጀምረው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው፤ ሰው ግን ሻል ሲለው የሚሰማው አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት እስከ ስድስት ሳምንት ቆይቶ ነው። አንጎል ቀስ እያለ ራሱን የሚያስተካክልበት ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ «ድባቴ ማለት ሴሮቶኒን ማነስ ነው» የሚለው አባባል ነገሩን ከልክ በላይ ያቀልለዋል። ኀዘን፣ ብቸኝነት፣ ዘር፣ የኑሮ ጫና፣ ሁሉም ድርሻ አላቸው።

«ከዕፅ በምን ይለያል?» ያለችሽ እህት ጥያቄዋ ቀላል አይደለም። እርግጥ ሁለቱም የሚሠሩት እዚያው ክፍተት ላይ ነው። ኮኬይንም መልእክተኛ እንዳይሳብ ይከለክላል፤ በተለይ ዶፓሚንን። ዶፓሚን ደግሞ «ይህ ደግ ነው፣ ድገመው» የሚለንን ስሜት ያንቀሳቅሳል። ኮኬይን ግን በደቂቃዎች ውስጥ ያጥለቀልቀዋል። ጩኸቱ የበዛበት አንጎል ጆሮውን እንደ መዝጋት ተቀባዮቹን ይቀንሳል። ያኔ የልጅ ሳቅ፣ ጥሩ ምግብ፣ ወዳጅ፣ ጸሎት እንኳ ደብዝዞ ይታያል። ሰውየው ዕፁን የሚፈልገው ለመደሰት ሳይሆን እንደ ሰው ለመዋል ይሆናል። ሱስ ይህ ነው። ያንቺ ኪኒን በዝግታ ነው የሚሠራው፤ በየቀኑ ጨምሪልኝ አይልም፤ ከልጅሽና ከወዳጅሽም አያርቅሽም። ይልቁንም እንቅልፍሽን መልሶልሻል።

ግን መድኃኒት ሁሉ ጥሩ፣ ዕፅ ሁሉ መጥፎ ብዬ መስመር ባሰምርልሽ እዋሻለሁ። ሞርፊን ሰውነታችን ራሱ ሕመም ለማስታገሻ የሚሠራቸውን ኬሚካሎች መስሎ የሚገባ ነው። በካንሰር ለሚሰቃይ ሰው ምሕረት ነው፤ በመንገድ ላይ ለሚሸጥለት ወጣት ሞት ሊሆን ይችላል። እኔ የምጠይቀው ለምን ተወሰደ፣ በማን ክትትል፣ ሰውየውንስ ወደ ሰዎችና ወደ እግዚአብሔር አቀረበው ወይስ አራቀው ብዬ ነው።

ስለ ማቆም አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ለእኔም ቀላል አይደለም። ከዓመታት በፊት አንድ ወንድም ለጭንቀትና ለእንቅልፍ የታዘዘለትን መድኃኒት ለረጅም ጊዜ ሲወስድ ቆይቶ፣ ጾም ሲገባ በአንድ ቀን ጣለው። ሲነግረኝ «በርታ» አልኩት። በሦስተኛው ቀን ሳየው እጁ እየተንቀጠቀጠ ብርጭቆ መያዝ አልቻለም። ውኃው ልብሱ ላይ ፈሰሰ። ሌሊቱን እንደሚጥል በሽታ ጣለውና ወደ ሕክምና ተወሰደ። ኋላ ሐኪሙ አስረዳኝ። ጋባ የሚባል መልእክተኛ የአንጎል ፍሬን ነው። መድኃኒቱ ፍሬኑን ያጠነክራል፤ አንጎልም ይህን ተማምኖ የራሱን ፍሬን ያላላል። መድኃኒቱ በድንገት ሲነሣ ያለ ፍሬን ይቀራል። ወንድሜ ዳነ። ያ «በርታ» ያልኩት ቃል ግን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የድባቴ መድኃኒት ከዚህ ይለያል። ቢሆንም በድንገት ሲቆም ራስ ያዞራል፣ እንቅልፍ ይነሣል፣ ያነጫንጫል፤ አንዳንዱ ጭንቅላቱ ውስጥ ኤሌክትሪክ እንደነዘረው ይሰማዋል። ይህን «ፈተና መጣብኝ» ብለሽ ልትተረጉሚው ትችያለሽ። ፈተና ሳይሆን አንጎልሽ ነው። የሚቆምበት ቀን ሲደርስ ሐኪምሽ ቀስ በቀስ ይቀንስልሻል።

የሰላምሽን ነገር በሳኦል እንየው። መንፈሱ ሲታወክ ዳዊት በገና ይደረድርለት ነበር፤ ሳኦልም ያርፍ ነበር። የበገና ድምፅ በጆሮ ገብቶ ነርቭን ነክቶ ነው የሚያሳርፈው። መጽሐፉ ግን «ያ ዕረፍት የበገናው እንጂ የእግዚአብሔር አልነበረም» አይልም። ኤልያስንም ተመልከቺ። ከዛፍ ሥር ወድቆ ሞቱን ሲለምን መልአኩ አልገሠጸውም። እንጎቻና ውኃ ሰጠው፤ እንደገና ተኛ፤ ደግሞ ቀስቅሶ አበላው። ያን ዝግ ያለ ድምፅ የሰማው ከዚያ በኋላ ነው። ኪኒኑ አይጸልይልሽም፤ ይቅርታም አይለምንልሽም። የሚያደርገው ተነሥተሽ እንድትቆሚ ማገዝ ነው። ቆመሽ ያልሽው «አቤቱ» ያንቺ ነው፤ የተሰጠሽም ሰላም የእግዚአብሔር ነው። ሲራክም በምዕራፍ 38 መድኃኒትን ከምድር የፈጠረ እግዚአብሔር ነውና ብልህ ሰው አይንቀውም ይላል።

ጾሙን በተመለከተ፣ የሐዋርያት ቀኖና ራሱ ጾምን ሲደነግግ በሕመም የደከመውን ለይቶ ያነሣዋል። ብትጾሚም ሐኪምሽ ይወቅ። በተለይ ሊቲየም የሚባለውን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ካነበበኝ ልብ ይበል፦ ውኃ ሳይጠጡ መዋል መድኃኒቱን በደም ውስጥ አከማችቶ ሊመርዝ ይችላል። አንቺ የጠዋቱ ሰዓት ለቁርባን ካስቸገረሽ ወደ ማታ ማዛወር ይቻል እንደሆነ ሐኪምሽን ጠይቂ፤ ብዙ ጊዜ ይቻላል። ለንስሐ አባትሽም ንገሪያቸው። ማፈሩ አፍሽን ከያዘሽ ማሸጊያውን ከቦርሳሽ አውጥተሽ ብቻ አሳዪያቸው።