የጅማ ጭቃ፣ የጅማ ቡና፦ ስለ ልብስ እድፍ የቀረቡ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ዝናቡ ከበረታ ወዲህ ከደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ የልብስ እድፍን የሚመለከቱ ናቸው። ጠያቂዎቹ ሁሉ «በምን ይለቃል?» ይላሉ፤ እኔ ግን አስቀድሜ ማወቅ የምፈልገው እድፉ ከምን እንደመጣ ነው። ደምን የሚያስለቅቀው ቀዝቃዛ ውሃ ቅባትን አይነካውም፤ ቅባትን የሚያሟሟው ሙቅ ውሃ ደግሞ ደሙን ጨርቁ ላይ አብስሎ ያስቀረዋል። በረኪናን ለሁሉም እድፍ መድኃኒት አድርጎ መያዝ በየቤቱ የተለመደ ቢሆንም፣ ከዚህ በታች እንደሚታየው ጉዳቱ ከጥቅሙ የሚበልጥበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ጥያቄ፦ ቡና እየቀዳሁ ሳለ ነጭ የሀበሻ ቀሚሴ ላይ ፈሰሰብኝ። ወዲያው በደረቅ ሳሙና ብፈትገውም ቡናማው ምልክት አልለቀቀኝም። ምን ላድርግ? (ከኮቺ ሰፈር)

መልስ፦ እህቴ፣ ፈጥነው መነሳትዎ ጥሩ ነበር፤ ያስቸገረዎት ደረቅ ሳሙናው ነው። ቡናም ሆነ ሻይ የሚተውት እድፍ ታኒን ከሚባለው ንጥረ ነገር ጋር የተያያዘ ሲሆን፣ ከስብና ከዘይት የሚሠራው ደረቅ ሳሙና እንዲህ ያለውን እድፍ ከማስለቀቅ ይልቅ ያጠነክረዋል። ለዚህ የሚሻለው የዱቄት ወይም ፈሳሽ ሳሙና ነው። አሁን ልብሱን በቀዝቃዛ ውሃ ደጋግመው ያለቅልቁና የቀረውን የደረቅ ሳሙና ርዝራዥ ያውጡ፤ ከዚያም የዱቄት ሳሙና በሟሟበት ለብ ያለ ውሃ ለግማሽ ሰዓት ያህል ይዘፍዝፉት። ምልክቱ አሁንም ከታየ፣ አንድ እጅ ነጭ አቼቶ ከሁለት እጅ ውሃ ጋር ቀላቅለው በጥጥ እያስነኩ ጥቂት ደቂቃ ያቆዩትና ያለቅልቁት። ይህም ካልበቃ፣ ከፋርማሲ የሚገኘው 3 በመቶ ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ነጭ ጥጥ ላይ ጥሩ ውጤት ይሰጣል፤ ጥለቱን ግን እንዳይነካ ይጠንቀቁ። ባለቀለም ክሮች ይለቃሉ ወይስ አይለቁም የሚለውንም በማይታየው የጫፉ ክፍል አስቀድመው ይሞክሩት።

ለሚቀጥለው ጊዜ ደግሞ የቡና ጠብታ ጨርቅ ላይ ሲደርቅ አጠገብዎ አድርገው ይመልከቱት፤ መሀሉ ሳስቶ ዳሩ እንደ ቀለበት ይጠቁራል፤ ውሃው በዳሩ በኩል ፈጥኖ ስለሚተን ቀለሙን ወደዚያ እየጎተተ ያከማቸዋል። ስለዚህ ቡናው ሳይደርቅ በንጹሕ ጨርቅ ጫን ጫን አድርጎ ማስመጠጥ፣ ከዚያም ልብሱን ገልብጦ ከጀርባው ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስ እድፉ በገባበት በኩል እንዲወጣ ያደርገዋል። ማሸት ግን ቀለሙን ወደ ክሩ ውስጥ ያስገባዋል። ቡናው ወተት ወይም ቅቤ የገባበት ከሆነ መጀመሪያ ቅባቱን በፈሳሽ የዕቃ ሳሙና ማስለቀቅ ያስፈልጋል። እድፉ ፈጽሞ መልቀቁን ሳያረጋግጡ ካውያ አያስነኩት፤ ሙቀቱ የቀረውን ቀለም ያጸናዋልና።

ጥያቄ፦ ልጄ የአልጫ ወጥ ነጭ ጋቢ ላይ ደፋ። ሳሙና ሳስነካው ቢጫው እንደ ደም ቀላ። ጋቢው ተበላሸ ማለት ነው? (ከሂርማታ)

መልስ፦ አልተበላሸም፤ አይደንግጡ። አልጫውን ቢጫ ያደረገው እርድ ነው፤ በእርድ ውስጥ ያለው ኩርኩሚን የሚባል ቀለም ሳሙናን የመሰለ ነገር ሲነካው ወደ ቀይ ቡናማ ይለወጣል፤ ሎሚ ጠብ ቢያደርጉበት ደግሞ ተመልሶ ቢጫ ይሆናል። እንዲያውም ይህ ለውጥ እድፉ የእርድ መሆኑን የሚያስረዳ ምልክት ነው።

እርድ ውሃ ብቻውን የማያሟሟው፣ በዘይትና በአልኮል ግን የሚሟሟ ቀለም ነው፤ ወጡ ውስጥ ያለው ዘይትም ተሸክሞ ጥጡ ውስጥ ያስገባዋል። ስለዚህ በመጀመሪያ የወጡን ትርፍ በማንኪያ ይጥረጉ፤ ውሃ ሳያስነኩ ፈሳሽ የዕቃ ሳሙና በእድፉ ላይ አፍስሰው በጣት በቀስታ ያዳርሱና ሩብ ሰዓት ያህል ያቆዩት፤ ከዚያ ለብ ባለ ውሃ ይጠቡ፤ ይህንንም ሁለት ሦስት ጊዜ ይድገሙት። የሚቀረውን ፈዘዝ ያለ ቢጫ ፀሐይ ያነሳዋል፤ ኩርኩሚን ብርሃን የማይችል ቀለም ነው። እርጥቡን ጋቢ እድፉን ወደ ፀሐይ አድርገው ያስጡት። በጅማ ክረምት ፀሐይ ብቅ ብላ መልሳ እንደምትጠልቅ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ጋቢውን ሳይተኩሱ አቆይተው ጥሩ ፀሐይ ያለበትን ቀን መጠበቅ ዛሬውኑ በረኪና ከመድፋት ይሻላል። የበርበሬ ወጥ ቅላትም በዘይት የሚሄድና በፀሐይ የሚሳሳ ስለሆነ በዚሁ መንገድ ይያዛል።

ጥያቄ፦ የልጆቼ ነጭ ካልሲና የዩኒፎርም ሸሚዝ በቀይ ጭቃ ተበላሸ። በረኪና ብጨምርበት ብርቱካናማ ሆኖ ቀረ። (ከመርካቶ አካባቢ)

መልስ፦ የአፈራችን ቅላት ከብረት ኦክሳይድ የመጣ ነው፤ ያው የዝገት ዘመድ ማለት ነው። በረኪና የእፅዋትን ቀለም ማንጣት ቢችልም ዝገትን አያነጣም፤ እንዲያውም ይበልጥ ያጸናዋል። ጭቃ ሲነካ ዋናው ብልሃት መታገሥ ነው። እናቶች ልጁ ከትምህርት ቤት እንደገባ እርጥቡን ጭቃ በውሃ ሲያሹት አያለሁ፤ ይህ ግን ደቃቁን አፈር ወደ ክሩ ውስጥ መግፋት ነው። ጭቃው ፈጽሞ ይድረቅ፤ ከዚያ ልብሱን ውጭ አውጥተው ያራግፉት፣ በደረቅ ብሩሽም ይጥረጉት። ግማሹ በዚህ ብቻ ይወገዳል። ቀጥለው ከጀርባው በኩል ቀዝቃዛ ውሃ እያፈሰሱ ውሃው እስኪጠራ ድረስ ያለቅልቁ፤ ሳሙና የሚገባው ከዚህ በኋላ ነው።

ለቀረው ብርቱካናማ ጥላ፣ ነጭ ጥጥ ከሆነ ብቻ፣ የሎሚ ጭማቂና ጨው ቀብተው ፀሐይ ላይ አንድ ሰዓት ያህል ካቆዩት በኋላ በደንብ ያለቅልቁት፤ ሎሚ ውስጥ ያለው አሲድ ብረቱን አስሮ ያወጣዋል። እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ፦ ልብሱ አስቀድሞ በረኪና ስለነካው፣ ሎሚ ከማስነካትዎ በፊት በረኪናው ጠርጎ እስኪወጣ ደጋግመው ያለቅልቁት። በረኪና ከሎሚ ወይም ከአቼቶ ጋር ሲገናኝ ክሎሪን የተባለውን መርዛማ ጋዝ ያወጣል፤ በሩ በተዘጋ ጠባብ ክፍል ውስጥ ደግሞ አደጋው ይከፋል። ይህ የሎሚና የጨው ዘዴ ከማስጫ ሽቦ ወይም ከቆርቆሮ ለሚነካ ዝገትም ያገለግላል።

ጥያቄ፦ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ የጧፍ ሰም ነጠላዬ ላይ ተንጠባጠበ።

መልስ፦ ሰሙ ይቀዝቅዝና ይጠንክር፤ ከዚያ በማንኪያ ጀርባ ቀስ አድርገው ያላቁት። የቀረውን ከላይና ከታች ጽሑፍ በሌለበት ወረቀት ወይም በሶፍት ሸፍነው፣ ብዙ ያልጋለ ካውያ ለጥቂት ሰኮንድ ያሳርፉበት፤ ወረቀቱ ሰሙን ሲመጥ ቦታውን እየለወጡ ይቀጥሉ። ጋዜጣ አይጠቀሙ፤ ቀለሙ ነጠላው ላይ ይታተማል።

ጥያቄ፦ የሙዝ ግንድ ስቆርጥ የፈሰሰብኝ ውሃ ሱሪዬን አጠቆረው። (ከከተማው ዳር የጻፉ አርሶ አደር)

መልስ፦ ወንድሜ፣ እውነቱን ልንገርዎት፤ ይህ ከእድፎች ሁሉ እልኸኛው ነው። ከሙዝ ግንድ የሚወጣው ፈሳሽ ሲንጠባጠብ ውሃ ይመስላል፤ አየር ሲነካው ግን እየጠቆረ ከክሩ ጋር ይጣበቃል። ሳይደርቅ ወዲያውኑ በብዙ ቀዝቃዛ ውሃና በፈሳሽ ሳሙና ከታጠበ ተስፋ አለው፤ ከደረቀ በኋላ ግን አይለቅም ማለት ይቻላል። የሙዝ የቅርብ ዘመድ የሆነው እንሰትም ያው ስለሆነ፣ ለዚህ ሥራ አንድ አሮጌ ልብስ መለየት ከማንኛውም ሳሙና ይልቃል።

ጥያቄ፦ አንሶላ ላይ የደረቀ ደም?

መልስ፦ ጨው በተጨመረበት ቀዝቃዛ ውሃ ለብዙ ሰዓት ወይም ሌሊቱን ይዘፍዝፉ፤ ከዚያ በሳሙና ይጠቡ። ሙቅ ውሃ ፈጽሞ አይጠቀሙ።

ጥያቄ፦ እስክሪብቶ ሸሚዜ ኪስ ውስጥ ፈሰሰ። (የዩኒቨርሲቲ ተማሪ)

መልስ፦ ልጄ፣ ሸሚዙን ገልብጠህ ከእድፉ ሥር የታጠፈ አሮጌ ጨርቅ አድርግ፤ በአልኮል ወይም በእጅ ሳኒታይዘር በነከርከው ጥጥ ከጀርባው ነካ ነካ አድርገው። ቀለሙ ወደ ታችኛው ጨርቅ ሲወርድ ታየዋለህ፤ የጨርቁን ንጹሕ ክፍል እየለወጥክ ቀጥል። ካሸኸው ግን ሳንቲም የምታህለው ነጥብ መዳፍ ታክላለች።

ጥያቄ፦ በየክረምቱ ቁም ሳጥን ውስጥ ያለው ልብሳችን ይሻግታል። የባለቤቴ የሱፍ ሙሉ ልብስና የእኔ ነጭ አንሶላዎች ጥቁር ነጠብጣብ አውጥተዋል። (ከፈረንጅ አራዳ)

መልስ፦ ሁለቱ ልብሶች የተለያየ አያያዝ ይፈልጋሉ። ለሁለቱም የመጀመሪያው እርምጃ ልብሱን ከቤት ውጭ አውጥቶ በደረቅ ብሩሽ መጥረግ ነው፤ ቤት ውስጥ ከተጠረገ ብናኙ ተመልሶ ሌላ ልብስ ላይ ያርፋል። ነጩን የጥጥ አንሶላ ጨርቁ በሚችለው ሙቅ ውሃና ሳሙና ካጠቡ በኋላ፣ በጠርሙሱ ላይ በተጻፈው መጠን በውሃ በቀጠነ በረኪና ሩብ ሰዓት ያህል ዘፍዝፈው ያለቅልቁት፤ በረኪና ተገቢ ቦታውን የሚያገኘው እዚህ ነው። የሱፉን ልብስ ግን በረኪና አያስነኩት፤ ሱፍንና ሐርን በልቶ ይጨርሳቸዋል። ጠርገው፣ ፀሐይና ነፋስ አስነክተው ወደ ላውንደሪ ይላኩት፤ ሻጋታ መሆኑንም ይንገሯቸው።

እንዳይመለስ ከተፈለገ ደግሞ የልብሱን እርጥበት መቆጣጠር ያስፈልጋል። ጅማ ላይ ልብስ ደርቆ ሳይደርቅ መታጠፉ የተለመደ ነው፤ እጅ ላይ ደረቅ የሚመስል ልብስ በስፌቱና በኪሱ ውስጥ እርጥበት ይይዛል። ከመሰቀሉ በፊት እነዚህን ክፍሎች በካውያ ያድርቋቸው፤ ቁም ሳጥኑን ከግድግዳው ትንሽ አርቀው ያስቀምጡት፤ ፀሐይ በወጣችበት ሰዓትም በሩን ከፍተው ይተዉት። ከላውንደሪ የመጣውን ላስቲክም ገፈው ይጣሉት፤ ልብሱን ከአቧራ ቢጠብቀውም እርጥበቱን ግን ውስጡ ያፍነዋል።