ለኮረብታ ላይ መለኪያህ ፓኔልና ባትሪ ስትመርጥ በነሐሴ ቁጠር

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሳነብ የዛሬ አራት ዓመት የገጠመኝ ሁሉ ፊቴ ላይ ድቅን አለ። ሰላሌ ውስጥ ኮረብታ ላይ የዝናብና የነፋስ መለኪያ፣ አንድ ካሜራና መረጃውን በስልክ ኔትወርክ የሚልክ ሞደም ልትተክል ነው። ነጋዴው ደግሞ «ባለ 100 ዋት ፓኔልና ባለ 100 አምፔር ሰዓት ባትሪ ይበቃሃል፣ እንዲያውም ይተርፍሃል» ብሎሃል። እባክህ ይህን ሳታነብ ገንዘብህን አትክፈል። እኔ በዚሁ ቁጥር ገዝቼ ተቃጥያለሁ።

የእኔ መሣሪያ የቆመው ጎጃም ውስጥ፣ ከጮቄ ተራራ በታች ወንዝ ዳር ነው። የውኃውን ከፍታ በየ15 ደቂቃው ይመዘግባል፣ ፎቶ ያነሣል፣ ይልካል። የአንተም ፍጆታ ከዚህ ብዙ አይርቅም።

1. ዕቃው ላይ የተለጠፈውን ዋት አትመን፤ ራስህ ለካ። ሁሉንም አገናኝተህ ሙሉ ቀንና ሌሊት አሠራው። ከተቻለም የምትተክልበት ቦታ ድረስ ወስደህ ለካው፤ ሞደም ኔትወርክ በደከመበት ቦታ ምልክት ለማግኘት ሲታገል የበለጠ ኃይል ይበላል። የእኔው በአማካይ 8 ዋት ሆነ፤ በ24 ሰዓት 192 ዋት ሰዓት ማለት ነው።

2. በዓመቱ አማካይ ፀሐይ አትቁጠር። ነጋዴው 100 ዋትን በቀን 6 ሰዓት ሙሉ ፀሐይ አባዝቶ 600 ዋት ሰዓት ብሎሃል። በታኅሣሥና በጥር እውነቱን ነው። በሐምሌና በነሐሴ ግን ደጋው ላይ የሙሉ ፀሐዩ ሰዓት ወደ 4 ይወርዳል፤ ጉሙ ለቀናት ካልተነሣ ደግሞ 2 ስታገኝም ተመስገን ነው። ከዚያ ላይ በሙቀት፣ በአቧራ፣ በሽቦና በባትሪው ውስጥ የሚባክነውን ሲሶ ያህል ቀንስ። የነሐሴ ሒሳብ 100 በ4 በ0.7 ነው፤ 280 ዋት ሰዓት። የአውሮፓ ኮሚሽን ፒቪጂአይኤስ የተባለ ነጻ ድረ ገጽ አለው። የቦታህን ኬክሮስና ኬንትሮስ ብታስገባ የየወሩን ፀሐይ ከማሳየት አልፎ፣ ከመብራት መስመር ውጭ ለሆነ ተከላ ባትሪው በየትኛው ወር ባዶ እንደሚሆን ያሰላልሃል። እኔ ይህን ያወቅኩት ከጥፋቱ በኋላ ነው።

3. ኢንቨርተር አታስገባ። እዚህ ላይ ቆም ብለህ ስማኝ፤ ትልቁ ስሕተቴ ይህ ነበርና።

መሣሪያው ሲመጣ ግድግዳ ላይ የሚሰካ ማስተካከያ ነበረው። እኔም ሳላስብ ባለ 300 ዋት ኢንቨርተር ገዝቼ በቀጥታ ባትሪው ላይ አሰርኩት። የባትሪውን 12 ቮልት ወደ 220 አወጣዋለሁ፤ ማስተካከያው ደግሞ 220ውን መልሶ ወደ 12 ያወርደዋል። ኢንቨርተሩ ምንም ሳይሠራ፣ መብራቱን አብርቶ ለመቀመጥ ብቻ 10 ዋት ይበላ ነበር። ከመሣሪያው ይበልጣል! 8ቱ ዋት 18 ሆነ፤ 192ቱ ወደ 432 አደገ። ከፓኔሉ የሚገባው 280 ነው። በየቀኑ 150 ዋት ሰዓት ከባትሪው ይጎድላል። 100 አምፔር ሰዓት በ12 ቮልት 1,200 ዋት ሰዓት ነው፤ የእርሳስ አሲድ ባትሪን ከግማሽ በታች ማውረድ ዕድሜውን መብላት ስለሆነ በእጅህ ያለው 600 ነው። በአራት ቀን ያልቃል።

ፓኔሉንና ባትሪውን አሳድጉልኝ ብዬ ጠይቄ እንደነበር ግን መናገር አለብኝ። ባለ 150 ዋት ፓኔልና ባለ 150 አምፔር ሰዓት ጄል ባትሪ (የእርሳስ አሲድ ባትሪ ዓይነት ነው) ብዬ ነበር የጻፍኩት። የመሥሪያ ቤታችን የግዥ ኃላፊ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «በአገራችን ፀሐይ መቼ ጠፍቶ?» አለና ሁለቱንም በቀይ እስክሪብቶ ሰርዞ 100፣ 100 ብሎ ጻፈበት። ወረቀቱ ዛሬም እኔ ዘንድ አለ። ባለሙያው እኔ፣ ቁጥሩን የሚወስነው እሱ! ያን ቀን ዝም ብዬ መውጣቴ እስካሁን ይቆጨኛል።

መሣሪያው ሐምሌን እየወደቀ እየተነሣ ዘለቀ። ከነሐሴ 4 ጀምሮ ምንም መረጃ አልመጣም። መንገዱ በጭቃ ተዘግቶ ስለነበር ቦታው የደረስኩት ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ የመጨረሻውን ሦስት ሰዓት በእግሬ ተጉዤ ነው። ሳጥኑን ስከፍተው የባትሪው ጫፍ ነጭና አረንጓዴ ዝገት አብቅሏል፤ መልቲሜትሩ 10.4 ቮልት አነበበ። የመጨረሻው ምዝገባ ሌሊት 9 ሰዓት ከ15 ይላል። ከዚያ በኋላ ባዶ ነው። ቀና ስል ከራሴ በላይ ባለው የግራር ቅርንጫፍ ላይ ገለባና ሣር ተንጠልጥሏል። መሣሪያው በጠፋ በሦስተኛው ሌሊት ወንዙ እስከዚያ ድረስ ሞልቶ ነበር። ማሳቸው የተወሰደባቸው አንድ አባት ጠጋ ብለው «ልጄ፣ መሣሪያው ስንት አለ?» ሲሉኝ የምመልሰው አጣሁ። ያ መሣሪያ የቆመው ለዚያች ሌሊት ነበር።

ባትሪውም አልዳነም፤ ተሟጦ ለሳምንታት የቆየ የእርሳስ ባትሪ መልሶ አይሞላም። አዲስ ለመግዛት ደግሞ ያው ቢሮ ሦስት ፕሮፎርማ አምጣ ብሎ እስከ ኅዳር አመላለሰኝ።

በሁለተኛው ተከላ ኢንቨርተሩን አውጥቼ በምትኩ ከ10 እስከ 15 ቮልት ተቀብሎ ቋሚ 12 የሚሰጥ ትንሽ ማስተካከያ አስገባሁ፤ ባትሪው ሲሞላ ከ14 ቮልት ስለሚያልፍ ካሜራው ይህን አይችልም። ባትሪውን ያለ ፀሐይ ለሚያልፉ አራት ቀናት ቆጠርኩት፦ 192 በ4 768፤ ከባትሪው ግማሹን ብቻ ስለምንጠቀም በእጥፍ 1,536፤ ለ12 ቮልት ሲካፈል 128 አምፔር ሰዓት። ባለ 150 ጄል ገዛሁ። ፓኔሉም 150 ዋት ሆነ። ሊቲየም ብታስብ ያንሳል፤ 80 አምፔር ሰዓት አካባቢ ይበቃል፤ ግን ከዜሮ ዲግሪ በታች መሞላት አይወድም፣ ሰላሌ ደግሞ ኅዳርና ታኅሣሥ ውርጭ አለ። ቅዝቃዜ ሲሆን መሙላት የሚያቆም መከላከያ ያለውን ምረጥ።

ፓኔሉን የማዘንበል ነገርም አለ። የመጀመሪያውን ብረት ያስበየድኩት ከውጭ አገር መመሪያ ቀድቼ በ40 ዲግሪ ወደ ደቡብ ነበር። ያ ለአውሮፓ ነው። በእኛ ኬክሮስ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ፀሐይዋ በቀትር ከአናታችን ወደ ሰሜን ታልፋለች። ፓኔሌ ጀርባውን ሊሰጣት ምንም አልቀረውም ነበር፤ ያውም ብርሃን በተወደደበት ክረምት! አሁን በ12 ዲግሪ ነው፤ ዝናቡ አቧራውን ለማጠብ ያህል። ሽቦውንም አታሳንስ፤ በ2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ 10 ሜትር ርቀት ላይ 10 አምፔር ብትልክ 1.4 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ክረምት አለፈ። አንድም የ15 ደቂቃ ምዝገባ አልጎደለም፤ ባትሪው በነሐሴ ንጋት ዝቅ ያለው 12.3 ቮልት ድረስ ብቻ ነው። እኚያ አባት አሁን በየሳምንቱ ፓኔሉን በእርጥብ ጨርቅ ይጠርጉልኛል።

የመሣሪያህን የ24 ሰዓት ልኬት ስትጨርስ ቁጥሩን እዚሁ ጻፍልኝ፤ ባትሪውን ከመግዛትህ በፊት አብረን እናሰላዋለን።