ደቨንተርን ለጠየቃችሁኝ

ባለፈው ሳምንት ስለ ደቨንተር ሁለት መስመር ብወረውር የጥያቄ መዓት ወረደብኝ። ግማሹ ጥያቄ «የት ነው እሱ ደግሞ?» የሚል ነው። በኔዘርላንድስ ምሥራቃዊ ክፍል፣ አይሰል የሚባለው ወንዝ ዳር ያለች የኦቨርአይሰል ክፍለ ሀገር ከተማ ናት። ለሌሎቹ ጥያቄዎች እነሆ መልስ። ዓመቶቹም ወራቱም በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

«አምስተርዳም እያለ እዚያ ድረስ ምን ልሠራ እሄዳለሁ?» (ከሮተርዳም)

ጎላ ለማየት! ቀልዴን አይደለም። ብሪንክ የሚባለው ትልቁ አደባባይ ላይ በ1528 መሠራት የጀመረ የሚዛን ቤት አለ። ነጋዴ ሁሉ ዕቃውን እዚያ አስመዝኖ ነበር የሚሸጠው። ከሕንፃው ግድግዳ ላይ አንድ ትልቅ የመዳብ ጎላ ተሰቅሏል። የኛ ሠርግ ቤት ወጥ የሚሠራበትን አስቡት። በ1434 ሐሰተኛ ገንዘብ ሲሠራ የተያዘ ሰው የተቀቀለው በዚህ ነው ይላሉ። ጎላው ላይ ያሉት ቀዳዳዎች ደግሞ የፈረንሳይ ወታደሮች ዒላማ ሲለማመዱ የተኮሱት ነው ይባላል። ከሥሩ ሰዉ ተረጋግቶ ቡናውን ይጠጣል።

ከተማዋ ገንዘብ ላይ እንዲህ የጨከነችው ያለ ነገር አይደለም። ሃንሳ የሚባለው የድሮ የነጋዴ ከተሞች ማኅበር አባል ነበረች፤ የምትኖረው በንግድ ነው። ነጋዴዎቿ ከኖርዌይ ከበርገን ድርቆሽ ዓሣ ያመጡ ነበር። ዛሬም የደቨንተር ሰው ቅጽል ስሙ «ድርቆሽ ዓሣ» ነው፤ ሲጠሩትም አይቀየምም።

«መጻሕፍት ወዳድ ነኝ። ለእኔ የሚሆን አለ?» (ከአዲስ አበባ፣ ለትምህርት የምትመጣ)

አንቺማ ቶሎ አትወጪም። በ1340 እዚሁ የተወለደ ኸርት ኽሮተ የሚባል ሰባኪ ነበር። የእሱ ተከታዮች አንድ ላይ እየኖሩ፣ እየጸለዩ፣ መጽሐፍ በእጃቸው እየገለበጡ ይተዳደሩ ነበር። የኛን ቁም ጸሐፊዎች ያስታውሱኛል። በ1477 ማተሚያ ቤት ተከፈተ፤ ታዋቂው ሊቅ ኢራስመስም በልጅነቱ የተማረው እዚህ ነው። የከተማዋ ቤተ መጻሕፍት አቴኔዩም ከ1560 ጀምሮ አለ። ከቻልሽ በነሐሴ (ኦገስት) የመጀመሪያው እሑድ ሂጂ። ወደ 6 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ የመጽሐፍ ገበያ መንገዱን ይሞላዋል። ሻንጣሽን ባዶ አድርገሽ፣ ባቡሩ እንደሚጨናነቅም አውቀሽ።

«እናቴ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ይመቻቸዋል?» (ከዩትሬክት)

ከጣቢያው እስከ ብሪንክ በወጣት እግር አሥር ደቂቃ ነው፤ ለእሳቸው ሃያ ያዙ። አደባባዩ ሜዳ ነው። በርኽክዋርቲር የሚባለው አሮጌው ሰፈር ግን ኮብልስቶንም ዳገትም አለው፤ ለደች አገር ዳገት ማለቴ ነው። ቀስ ብላችሁ ውጡት፣ ከከተማው ሁሉ የማይቀር እሱ ነው። የሌቡኢኑስን ቤተ ክርስቲያን ማማ እርሱት፣ ደረጃው ከ200 በላይ ነው።

«በጾም ነው የምሄደው። የደቨንተር ኩክ ይበላል?» (ከዘ ሄግ)

ኩክ ማለት በማርና በቅመም የሚጋገር ጠቆር ያለ ዳቦ መሳይ ኬክ ነው። ቡሲንክ የሚባለው ቤት ሥራውን ከ1593 ጀምሮ ይቆጥራል፤ ሱቁም እዚያው ብሪንክ ላይ ነው። አሠራሩ እንደየጋጋሪው ስለሚለያይ ማሸጊያውን አንብቡ። «ቦተር» ቅቤ ነው፣ «ሜልክ» ወተት። እንቁላል ደግሞ «አይ» ነው። አይ ካለበት፣ አይሆንም።

ጾምን ካነሳን፣ በባቡር ሩብ ሰዓት የማትሞላ ዙትፈን የምትባል ሌላ ትንሽ ከተማ አለች። በቫልቡርኺስ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መጻሕፍቱ እስከ ዛሬ በሰንሰለት የታሰሩበት የ16ኛው ክፍለ ዘመን ቤተ መጻሕፍት አለ። ወለሉ ላይ የውሻ ዱካ ይታያል። በጾም ዶሮ የበላ መነኩሴ ላይ ሰይጣን በውሻ ተመስሎ መጣበት ይላሉ። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ሸክላው ሳይደርቅ አንዱ ውሻ ረግጦት ነው። ለማንኛውም በኪሳችሁ ሳንድዊች ይዛችሁ አትግቡ።

«ትኬት ከየት እገዛለሁ?» (ከዋሽንግተን፣ በትራንዚት የሚያልፍ)

ከአምስተርዳም ከአንድ ሰዓት ትንሽ በላይ ነው። በሩ ላይ የባንክ ካርድህን ንካና ግባ። ስትወርድም መንካት አትርሳ! እኔ አንዴ ወሬ ይዞኝ ረስቼ ወጥቼ፣ የተቆረጠብኝን ሳይ ራሴን ያዝኩ።

«ጥሩ ፎቶ የት ላንሳ?» (ከአምስተርዳም)

ወንዙን ተሻገሪ። እግረኛና ብስክሌት የምታሻግር ትንሽ ጀልባ አለች። ማዶ ቮርፕ የሚባል መናፈሻ አለ፤ ከዚያ ሆነሽ ማማው፣ ጣሪያዎቹና ወንዙ አንድ ላይ ይገቡልሻል። ከሰዓት በኋላ ሂጂ፣ ፀሐይዋ ከጀርባሽ ትሆናለች። ታኅሣሥና ጥር ላይ አይሰል ሲሞላ የዳሩ ሜዳ ውኃ ይውጠዋል፤ ዛፎቹ ከወገባቸው በላይ ብቻ ይቀራሉ። እንደዚያ ባለ ቀን ከሄድሽ ቡትስ አድርጊ፣ ፎቶውንም ላኪልኝ።