የራሴን ጉዳይ አደባባይ ማውጣት ትምክህት ይሆንብኛል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እናቴን አራት ወር ሆስፒታል አስታምሜያለሁ። ማታ ማታ አስታማሚው ሁሉ ኮሪደር ላይ ካርቶን አንጥፎ ነበር የሚተኛው። እናቴ አርፋለች። አሁን ስለ ጤና አገልግሎት ሕዝባዊ ውይይት አለ፣ መጥተሽ ተናገሪ ብለውኛል። የራሴን ጉዳይ ማውራት ትምክህት አይሆንብኝም? ፖለቲካ ውስጥ መግባትስ አይደለም?

መልስ፦ እግዚአብሔር የእናትሽን ነፍስ ያሳርፍ፤ አንቺንም ያጽናሽ።

ጥያቄሽን ሳነብ ኢዮብ ትዝ አለኝ። ኢዮብ ሲነሳ የሚወራው ትዕግሥቱ ነው፤ ምዕራፍ 24 ላይ ግን ቆም የሚል ሰው ጥቂት ነው። አመድ ላይ ተቀምጦ፣ ቁስሉ ሳይሽር፣ በሬዋ በመያዣ ስለተወሰደባት መበለትና ራቁታቸውን በብርድ ስለሚያድሩ ድሆች ያወራል። ድሮም ድሃ ይረዳ ነበር። አሁን ግን እንደነሱ መሬት ላይ ሆኖ ነው የሚያያቸው።

እስራኤልም ስደተኛውን እንዳይበድሉ ሲታዘዙ የተነገራቸው ምክንያት፣ ራሳቸው በግብፅ ስደተኛ ስለነበሩ ነፍሱን ያውቋታል የሚል ነው (ዘፀ. 23፥9)። ስለዚህ ትምክህት አይደለም፤ ተናገሪ። ፖለቲካ ላልሽውም፣ ለፓርቲ ቅስቀሳ አልተጠራሽም። አስታማሚ የት ይደር ማለት የባልንጀራ ጉዳይ ነው።

እኔን የሚያሰጋኝ ኢዮብን ሊያጽናና የመጣው ወዳጁ ኤልፋዝ ነው። እሱም ከገጠመኙ ነው የተናገረው። «እኔ እንዳየሁ» አለና መከራን የዘራ ያንኑ ያጭዳል ብሎ ደመደመ (ኢዮ. 4፥8)። ያየውን ቁራጭ ለሰው ሁሉ ልክ አደረጋት። እግዚአብሔር በኋላ ተቆጣው (42፥7)።

እኔም አድርጌዋለሁ። አንድ ሥራ ያጣ ወጣት ሊያማክረኝ ቢመጣ፣ «እኔ ተሸክሜ ነው የተማርኩት፤ ሥራ ያልናቀ አይቸገርም» ብዬ ሸኘሁት። ለካ ልጁ የወገብ በሽተኛ ነው! አልጠየቅኩትማ።

ስለዚህ ከመሄድሽ በፊት ኮሪደር ላይ አብረውሽ ላደሩት ደውዪ። ከነርሶቹም አንዷን አናግሪ፤ በአንድ ሌሊት ስንት በሽተኛ ትይዝ እንደነበር ጠይቂያት። «ነርሶቹ ጨካኞች ናቸው» ልትዪ የነበረው «ነርስ አንሷል» ይሆን ይሆናል። የሌላ ሰው ታሪክ ከሆነ ፈቃዱን ሳትጠይቂ አታንሺው። ካርቶኑን ግን እንዳትተዪው። «አገልግሎቱ ጉድለት አለበት» የሚል ሰው እዚያ አይጠፋም። መሀል ላይ እንባ ከመጣብሽም አትፈሪ፤ ትንሽ ውሃ ጠጥተሽ ትቀጥያለሽ።