ከሦስት ቮልስ የተገጣጠመ መኪና፦ የካሊፎርኒያ ታይትል

ቻሲሱ (የመኪናው የታች አካል) የ1967 (እ.ኤ.አ.)፣ ቦዲውና ሞተሩ ከሌሎች መኪኖች ከሆኑ ታይትሉ (የባለቤትነት ደብተሩ) የሚከተለው ቻሲሱን ነው። የቻሲሱ ቁጥር ከኋላ ወንበር ሥር፣ መሃል ለመሃል በሚያልፈው ጉብታ ላይ ተመቷል። የዚያ ቁጥር ታይትል በሻጩ ተፈርሞ በእጅህ ካለ ስምህን ማዛወር ብቻ ነው የቀረህ። ሞተር መቀየርህ ነገሩን አይለውጠውም።

ታይትሉ ከጠፋና የተመዘገበው ባለቤት ሊፈርምልህ ካልቻለ፦

1. ዲኤምቪ (የካሊፎርኒያ የተሽከርካሪ ምዝገባ መሥሪያ ቤት) ሄደህ አር ኢ ጂ 343 (REG 343) የሚባለውን ቅጽ ሙላ፤ የሽያጭ ውሉንም ያዝ።
2. ቁጥሩን ያረጋግጡልሃል። ካጠራጠራቸው ወደ ሃይዌይ ፓትሮል (የካሊፎርኒያ የአውራ ጎዳና ፖሊስ) ይልኩሃል።
3. የመኪናው ዋጋ 5,000 ዶላር ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ የዋስትና ቦንድ ይጠይቁሃል።

ቻሲሱን ቆርጠህ እንደ ባጊ (ለአሸዋ መንዳት የሚሠራ ቀላል መኪና) ካሳጠርከው ግን ሌላ ጣጣ ነው። "ልዩ ግንባታ" ሊባል ይችላል፤ እንደዚያ ከሆነ አር ኢ ጂ 5036 የሚባለው ቅጽ እና የቦዲ፣ የሞተር፣ የካምቢዮ ደረሰኞች ያስፈልጋሉ። እስከ 1975 (እ.ኤ.አ.) ለተሠሩት የሚሰጠው የጭስ ምርመራ ነፃነትም በቀጥታ አይሠራልህም።

ዝገት ስታስወግድ ቁጥሩን ግራይንደርም በግፊት የሚረጭ አሸዋም እንዳይነካው፣ በሽቦ ብሩሽ በእጅህ ጥረገው። የደበዘዘውን መልሶ መምታት ወይም ከሌላ ቻሲስ ቆርጦ መበየድ ወንጀል ነው፤ መኪናውም ሊወረስ ይችላል።