ቸርኬ ሲቀየር፦ የአንባቢያን ጥያቄና የባለሙያዎች መልስ

ጥያቄ፦ በፈረንጅ 2003 የተሠራች ኮሮላ አለችኝ። የመጣችበት የብረት ቸርኬ ባለ 15 ሆኖ ጀርባው ላይ 6 ጄ፣ ኢቲ 45 ይላል፤ ጎማዋ 195/65 አር 15 ነው። አሁን ያገለገለ ባለ 17 አሎይ ቸርኬ አግኝቻለሁ፦ 7 ጄ፣ ኢቲ 35፣ 5×100፣ የመሐል ቀዳዳው 73.1። ሻጩ «ምንም ሳይነካ ይገባል» ይለኛል። ልግዛው? (ከደሴ፣ ሆጤ)

መልስ፦ ብሎኑ ላይስ ይገባል። ደሴና ዙሪያዋ ለሚነዳ ሰው ግን አንመክረውም፤ ምክንያቱ ራስዎ በላኩልን ቁጥሮች ውስጥ አለ።

5×100 ማለት አምስቱ ብሎኖች የቆሙበት ክብ ስፋቱ 100 ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው። የእርስዎም ኮሮላ እንዲሁ ነው። ከዚያ በኋላ ከመጡት ኮሮላዎች ብዙዎቹ ግን 5×114.3 ስለሆኑ «የኮሮላ ነው» በሚል ቃል ብቻ ገንዘብ አይቁጠሩ፤ ማስመሪያ ይዘው ይሂዱ። ባለ አራት ብሎን ከሆነ ፊት ለፊት የሚተያዩትን ቀዳዳዎች ከመሐል እስከ መሐል መለካት ይበቃል። ባለ አምስቱ ላይ የሚተያይ ቀዳዳ ስለሌለ የአንዱን ቀዳዳ የግራ ጠርዝ ይያዙና እስከ ጎረቤቱ ቀዳዳ የግራ ጠርዝ ይለኩ፤ ያገኙትን በ1.7 ያባዙ። 59 ሚሊ ሜትር ገደማ ከመጣ 100 ነው፤ 67 ከመጣ 114.3 ነው።

የመሐል ቀዳዳው ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። የኮሮላዎ ሞዞ (ቸርኬው የሚታሰርበት የመኪናው እምብርት) 54.1 ሚሊ ሜትር ነው፤ የቸርኬው ቀዳዳ 73.1። ዙሪያውን 9.5 ሚሊ ሜትር ክፍት ይቀራል፤ ቸርኬው ሞዞው ላይ ሳይቀመጥ በዳዶዎቹ ብቻ ይንጠለጠላል። ባላንስ ተሠርቶለት እንኳ 80 እና 90 ላይ መሪው የሚንቀጠቀጠው አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ የተነሳ ነው፦ የባላንስ ማሽኑ ቸርኬውን በመሐል ቀዳዳው ሲያማክለው መኪናው ላይ ግን ከመሐል ፈቀቅ ብሎ ይታሰራል። መፍትሔው ውጩ 73.1፣ ውስጡ 54.1 የሆነ ቀለበት ነው። ፕላስቲክም አለ፤ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ጠመዝማዛውን ሲወርዱ ፍሬኑ ስለሚግል ግን የአሉሚኒየሙን ይግዙ።

ከሁሉ ያሳሰበን ኢቲው ነው። ኢቲ ቸርኬው ሞዞ ላይ የሚያርፍበት ፊት ከቸርኬው ወርድ እኩሌታ ስንት ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ እንደሆነ ይነግራል፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ጎማው ወደ ውጭ ይወጣል። ወርዱ (ጄ ያለበት ቁጥር) ከ6 ወደ 7 ኢንች ሲጨምር በየጎኑ 12.7 ሚሊ ሜትር ይሰፋል፤ ኢቲው ከ45 ወደ 35 ሲወርድ ደግሞ ሙሉው ቸርኬ 10 ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ ይገፋል። ሲደመር የውጩ ጠርዝ 22.7 ሚሊ ሜትር ይወጣል፤ ወደ አሞርዛተሩ የሚጠጋው 2.7 ብቻ ነው። ስለዚህ ውስጡን አይስጉ። ውጩ ግን አምስት ሰው ጭነው ጉድጓድ ሲገቡ የፓራፋንጎውን ጠርዝ ይልጣል፣ ጭቃውን በር ላይ ይረጫል፣ ኩሽኔታውንም ያለ ጊዜው ይበላል።

ጎማውስ? 195/65 አር 15 ሲባል 195 የጎማው ወርድ በሚሊ ሜትር፣ 65 የጎኑ ከፍታ ከወርዱ ስንት በመቶ እንደሆነ፣ 15 የቸርኬው ኢንች ነው። አሁን ያለው ቁመቱ 634 ሚሊ ሜትር ነው። 17ቱ ላይ 205/50 አር 17 ቢገጠም 637 ይሆናል፤ የፍጥነት ቆጣሪው ከሞላ ጎደል አይዛባም። (የቁመት ልዩነቱ ከ3 በመቶ እንዳይበልጥ ነው የሚፈለገው።) የሚጎዳው የጎማው ጎን ነው፦ ከ127 ሚሊ ሜትር ወደ 102 ይወርዳል። አስፋልቱ ጠርዙ በተቆረሰበት ወይም ጠጠር መንገድ ላይ ሲመታ ያ የቀነሰው ላስቲክ ነበር ምቱን የሚውጠው። ሲያንስ ጎማው በቸርኬውና በድንጋዩ መካከል ይቆነጠጥና ውስጡ ያለው ክር ይበጠሳል፤ ጎኑ ላይ እንደ እንቁላል የሚያብጠው ያኔ ነው። ያበጠ ጎማ አይጠገንም፤ ይጣላል። አሎዩም ይጎብጣል ወይም ይሰነጠቃል።

አሎይ ካማረዎት ባለ 15፣ 6 ወይም 6.5 ጄ፣ ኢቲው ከ40 እስከ 45 የሆነ ይፈልጉ፤ ያለዎት ጎማ ሳይቀየር ይገባል። ትልቅ ይሁንልኝ ካሉ 16 ላይ 205/55 አር 16 ያድርጉ፤ ቁመቱ 632፣ ጎኑ 113 ነው። ከመክፈልዎ በፊት አንዱን ከፊት አስገጥመው በእጅዎ ያሽከርክሩት፤ የፍሬን ካሊፐሩን መንካት የለበትም። መኪናዋ ከክሪክ ከወረደች በኋላ ደግሞ መሪውን እስከ መጨረሻ ግራና ቀኝ ያዙሩ፣ ከኋላ ሰው አስቀምጠው ይመልከቱ።

ጥያቄ፦ ዲዛየሬ ላይ ከቪትዝ የወጣ ባለ 14 አሎይ ከነጎማውና ከነዳዶው አስገጠምኩ። ቸርኬው ልክክ አለ፤ ዳዶው ግን ሁለት ዙር ያህል ከሄደ በኋላ ስለከበደ ሠራተኛው በቧንቧ አጠበቀው። ችግር አለው? (ከወልድያ)

መልስ፦ አለው፤ እስኪስተካከል መኪናዋን አይንዷት። ቪትዝና ዲዛየር ሁለቱም 4×100፣ ሞዟቸውም 54.1 ስለሆነ ቸርኬው መግባቱ አያስገርምም። የጥርሱ ርቀት ግን ይለያል፦ የቶዮታ ዳዶ ኤም 12 በ1.5፣ የሱዙኪ ኤም 12 በ1.25 ነው። በጉልበት የገባ ዳዶ የብሎኑን ጥርስ አርሶታል፤ ጠበቀ ብለው ሲያምኑት መንገድ ላይ ይላቀቃል። ሁሉንም ያስፈቱ፣ ጥርሱ የተበላውን ብሎን ያስቀይሩ፤ ብሎኑ ከሞዞው ተመትቶ ይወጣል፣ አዲሱ ይገባል።

አዲስ ዳዶ ሲገዙ የቸርኬውን ቀዳዳ አፍ ይዩ። እንደ ፈነል ወደ ውስጥ እየጠበበ ከሄደ ሾጣጣ ዳዶ፣ ጠፍጣፋ ከሆነ ዋሸር ያለው ጠፍጣፋ ዳዶ ይፈልጋል። ብዙ የቶዮታ ፋብሪካ አሎይ ጠፍጣፋ ነው፤ እዚያ ላይ ሾጣጣ ሲታሰር የሚነካው በጠርዝ ብቻ ስለሆነ ይላላል። የብረቱ ስኮርታ ግን ሾጣጣ ስለሚፈልግ አራቱን የድሮ ዳዶዎች ከክሪኩ ጋር ያስቀምጡ። ማጥበቅ በኮከብ ቅርጽ፣ በእጅ ኃይል ብቻ ነው፤ በእግር አይረገጥ፣ ቧንቧ አይቀጠል። 50 ኪሎ ሜትር ያህል ከነዱ በኋላ፣ አሎይ ስለሚቀመጥ፣ ደግመው ያጥብቁ።

ጎማው 175/65 አር 14 ከሆነ ደግሞ ልብ ይበሉ፦ የዲዛየሩ 165/80 አር 14 ቁመቱ 620 ሲሆን ይህ 583 ነው። መኪናዋ 18 ሚሊ ሜትር ዝቅ ትላለች፤ ቆጣሪውም ከእውነተኛው ፍጥነት አብልጦ ያሳያል። ቸርኬውን ያቆዩ፣ ጎማውን ወደ ራሷ ልክ ይመልሱ።

ጥያቄ፦ ዶልፊን ነው የምነዳው። ከደሴ ወደ ባቲና ሚሌ ስወርድ «ቆላ ነው፣ አየር አስተንፍስ» ይሉኛል። ደግሞ አሎይ ከነጎማው በርካሽ አገኘሁ፤ ጎማው ላይ 97 ይላል። (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ስለ አየሩ አብሽሩ፤ አያስተንፍሱ። ቆላ ሲወርዱ ሁለት ነገር በተቃራኒ ይጎተታል። ሙቀቱ የጎማውን አየር ያሳብጣል፤ የውጩ አየር ደግሞ ታች ስለሚከብድ መለኪያው የሚያነበው ይቀንሳል። ደሴ ላይ በ10 ዲግሪ ጠዋት 32 ፒኤስአይ የተነፋ ጎማ ሚሌ ላይ በ35 ዲግሪ ቆሞ ቢለካ 33 አካባቢ ነው። በሩጫ ሲግል የሚጨምረው ጎማው ሲሠራ ታስቦበታል። ግሎ ሳለ ያስተነፈሱት ግን ሲበርድ ጎድሎ ይገኛል፤ ጎኑ እየታጠፈ ይግላል፣ ያም ነው ቆላ ላይ ጎማ የሚያፈነዳው። ጠዋት ሳይነዱ፣ በሩ ላይ በተለጠፈው ቁጥር ይንፉ።

ጎማውን ግን አይግዙት። 97 ማለት አንዱ ጎማ 730 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው። የዶልፊን 195 አር 15 ሲ ጎማ 106/104 ተብሎ 950 ኪሎ ይሸከማል። ሁለቱ የኋላ ጎማዎች ላይ 440 ኪሎ ይጎድልብዎታል፤ ተሳፋሪና ከላይ የታሰረ ጆንያ ይዞ ይህ አይቻልም። ቸርኬውም ጀርባው ላይ የሚሸከመው ኪሎ ካልተጻፈበት ይተዉት።

ጥያቄ፦ «አዲስ ነው» ተብሎ የተገዛ ጎማ ጎኑ ላይ 3522 ይላል። ምንድን ነው? (ከሐይቅ)

መልስ፦ የተሠራበት ሳምንትና ዓመት ነው፦ በፈረንጅ 2022፣ 35ኛው ሳምንት፤ በእኛ 2014 ነሐሴ መጨረሻ። ዶት (DOT) ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ያገኙታል፤ አንዳንዴ በአንዱ ጎን ብቻ ስለሚጻፍ ሁለቱንም ጎን ይዩ። ከተሠራ ስድስት ዓመት ያለፈውን፣ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም፣ እንደ አዲስ አይክፈሉበት፤ ጎኑን አጠፍ አድርገው ሲያዩት የጸጉር ያህል ስንጥቅ ካለ ደግሞ ዕድሜውን ሳይቆጥሩ ይመልሱት።