አነስተኛ ኮንዶሚኒየም ሊገዙ ላሰቡት አባላችን፦ ከክፍሉ ስፋት በፊት የማህበሩን ቃለ ጉባኤ ይጠይቁ

«ከባለቤቴ ጋር በከተማ መሃል 35 ካሬ ሜትር የሆነ ኮንዶሚኒየም ልንገዛ ነው፤ በእንዲህ ያለ ጠባብ ቤት መኖር ጥቅሙና ጉዳቱ ምንድን ነው?» ብለው ለጠየቁት አባላችን የሚከተለውን እመልሳለሁ። እኔና ባለቤቴ ከእርስዎ በጥቂቱ በሚያንስ ቤት ውስጥ ለዓመታት የኖርን በመሆናችን ሁኔታችን አንድ ነው ብዬ እገምታለሁ። ስለ ታጣፊ አልጋና ስለ ግድግዳ መደርደሪያ ከእኔ በፊት የመለሱት አባላት በቂ ስላሉ እኔ ወደዚያ አልገባም።

አንደኛ። 35 ካሬ ሜትር የተባለው ከየት ተነሥቶ እስከ የት እንደተለካ ይጠይቁ። አንዱ ሻጭ የግድግዳውን ውፍረት ጨምሮ ከውጭ ይለካል፤ ሌላው በረንዳውን ያክልበታል፤ ከደረጃውና ከመተላለፊያው የሚደርሰውን ድርሻ ሳይቀር የሚደምርም አለ። በሰፊ ቤት ሦስት ካሬ ሜትር ቢጎድል ብዙም ላይታወቅ ይችላል፤ በእርስዎ ቤት ግን የአልጋ ቦታ ጎደለ ማለት ነው። ፈረንሳዮች ይህን ለመከላከል እ.ኤ.አ. በ1996 ካሬዝ በሚል ስም የሚታወቀውን ሕግ አውጥተዋል፤ በዚህ ሕግ መሠረት በጋራ ሕንፃ ውስጥ ያለ ቤት ሲሸጥ የውስጥ ስፋቱ በጽሑፍ መገለጽ አለበት፣ ከፍታው ከ1.80 ሜትር በታች የሆነ ቦታ አይቆጠርም፣ ትክክለኛው ስፋት ከተገለጸው ከ5 በመቶ በላይ አንሶ ከተገኘም ገዢው በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ የዋጋ ቅናሽ መጠየቅ ይችላል። እንዲህ ያለ ሕግ በሌለበት አገር ከሆኑ ራስዎ ሜትሮ ይዘው ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ይለኩ። እኔ ስለካ ሻጩ «አላመኑኝም ማለት ነው?» ብለው ተቆጥተው ነበር፤ ውጤቱን በወረቀት ጽፌ ሳሳያቸው ግን ዋጋውን ዝቅ አደረጉ።

ሁለተኛ። እርጥበትን አይናቁ። የ35 ካሬ ሜትር ቤት ከፍታው 2.5 ሜትር ቢሆን የሚይዘው አየር 90 ሜትር ኩብ አይሞላም፤ የሁለት ሰው ትንፋሽ፣ የሻወሩና የድስቱ እንፋሎት፣ ቤት ውስጥ ከተሰጣ ልብስ የሚወጣው ውሃ ሁሉ የሚገባው በዚሁ አየር ውስጥ ነው። መውጫ ያላገኘው እንፋሎት ከውጭ በኩል ባለው ቀዝቃዛ ግድግዳ ላይ ውሃ ሆኖ ያርፋል፤ ቁም ሳጥን የተጠጋበት ግድግዳ ከሆነ ደግሞ ማንም ሳያየው ሻጋታ ያበቅላል። ስለዚህ ቤቱን ሊያዩ ሲሄዱ ከዕቃዎቹ ጀርባ ይመልከቱ፤ ከሁሉም ግድግዳዎች አንዱ ብቻ አዲስ ቀለም ተቀብቶ ካገኙትም ምክንያቱን ይጠይቁ። መታጠቢያ ቤቱ መስኮት ከሌለው አየር ማውጫውን ያስነሡና ቁራጭ ወረቀት ያስጠጉበት፤ ወረቀቱን ስቦ ካልያዘው አይረባም። ከምድጃው በላይ የሚሰቀለውም አየሩን ወደ ውጭ የሚያስወጣ ነው ወይስ አጣርቶ መልሶ ወደ ክፍሉ የሚለቅ ነው የሚለውን ያረጋግጡ፤ ሁለተኛው ዓይነት ቅባቱን ያስቀር ይሆናል እንጂ እንፋሎቱን ከቤት አያወጣም። እኛ ቤት ትንሽ የእርጥበት መለኪያ ሰቅለን ከ60 በመቶ ባለፈ ቁጥር መስኮት እንከፍታለን፤ የቤት ዕቃዎቹንም ከውጭው ግድግዳ በትንሹ አርቀናቸዋል።

ጥቅሙን ባጭሩ ልናገርና ልለፍ። ሥራ ቦታዎ በእግር የሚደረስ ከሆነ በየቀኑ የሚተርፍልዎትን ጊዜ ሰፊ ቤት አይተካውም። በሌሎች ቤቶች መካከል ያለ ትንሽ ቤት ለማሞቅም ሆነ ለማቀዝቀዝ የሚፈልገው ጉልበት አነስተኛ ነው፤ ማጽዳቱም ቶሎ ያልቃል። ጠባብ ወጥ ቤት ጉዳት ነው የሚሉትን ግን አልቀበላቸውም። ኦስትሪያዊቷ አርክቴክት ማርጋሬቴ ሹተ ሊሆትስኪ እ.ኤ.አ. በ1926 በፍራንክፈርት ለተሠሩት የጋራ መኖሪያ ቤቶች የነደፉት ወጥ ቤት ስፋቱ ወደ 1.9 በ3.4 ሜትር ብቻ ነበር፤ የባቡር ምግብ ቤቶችን አሠራር አጥንተው እያንዳንዱን ዕቃ እጅ በሚደርስበት ቦታ ስላስቀመጡት ወደ 10,000 በሚጠጉ ቤቶች ውስጥ ተገጥሟል። ባለቤቴ ይህን ሲሰሙ «እሳቸው ባል ሆዬ በር ላይ ቆሞ እያወራ አላስቸገራቸውም ይሆናል» ይላሉ፤ እውነትም በእኛ ወጥ ቤት ውስጥ ሁለት ሰው መቆም አይችልም።

ጉዳቱ ድምፅ ነው የሚሉም አሉ፣ አልተሳሳቱም። ሆኖም ከጎን የሚመጣ ወሬና ከላይ የሚወርድ የእግር ኮቴ አንድ ዓይነት ችግር አይደሉም። ወሬውን ግድግዳው ላይ ክብደት በመጨመርና ቀዳዳዎችን በመድፈን መቀነስ ይቻላል፤ ኮቴው ግን በራሱ በኮንክሪቱ ውስጥ ተጉዞ በግድግዳውም በኩል ስለሚወርድ ኮርኒስዎን ቢሸፍኑት እንኳ የሚያገኙት እፎይታ ትንሽ ነው፤ ዋናው መፍትሔ ከላይ ባለው ጎረቤት ወለል ሥር የሚነጠፍ ለስላሳ ንጣፍ ነው። ጎረቤትዎ ይህን እንዲያነጥፉ ማስገደድ የሚችለው ደግሞ ብዙ ጊዜ የሕንፃው መተዳደሪያ ደንብ ነው፤ ይህም ወደ ዋናው ነገሬ ያደርሰኛል።

ሦስተኛ። በትንሽ ቤት ውስጥ ደስተኛ መሆን አለመሆንዎን የሚወስነው ከበሩ ውጭ ያለው ነው፤ ማለትም የቤት ባለቤቶቹ ማህበር፣ ገንዘቡና የሚሰበሰብበት ወይም የማይሰበሰብበት ሁኔታ። በከተማ መሃል ያሉ ትንንሽ ቤቶችን ብዙ ሰው የሚገዛቸው ለማከራየት ነው። አከራዩ ሌላ ቦታ ስለሚኖር ስብሰባ አይመጣም፤ ጣሪያው ቢያፈስ የሚረጥበው ተከራዩ ስለሆነ መዋጮ እንዲጨምር አይፈልግም። በዚህ ምክንያት ምልአተ ጉባኤ አይሞላም፤ ምልአተ ጉባኤ ካልሞላ ውሳኔ የለም፤ ውሳኔ በሌለበት ሕንፃ ውስጥ ደግሞ ትንሽ የነበረው ጥገና እያደር ትልቅ ዕዳ ይሆናል።

እኔ ቀብድ ከመክፈሌ በፊት ወደ ሕንፃው አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ሄጄ ያለፉትን ዓመታት ቃለ ጉባኤዎችና የመጠባበቂያ ገንዘቡን ሒሳብ ለማየት በትሕትና ጠየቅሁ። ኃላፊው ዓይናቸውን ከስልካቸው ሳያነሡ «እርስዎ ባለቤት አይደሉም፤ ሲገዙ ያዩታል» አሉኝ። አንድ ሰው ያለውን ሁሉ አውጥቶ ከገዛ በኋላ የሚያየው ሰነድ ምን እንደሚጠቅመው እስከ ዛሬ አልገባኝም። ነገር ግን ሻጩ ባለቤት ስለሆኑ የመጠየቅ መብቱ የእሳቸው ነው፤ ስለዚህ ጥያቄውን በጽሑፍ አዘጋጅቼ አስፈረምኋቸውና በእሳቸው ስም አስገባሁት። ጽሕፈት ቤቱ አንድ ጊዜ ጸሐፊዋ የሉም፣ ሌላ ጊዜ ሣጥኑ ተቆልፏል እያለ ካመላለሳቸው በኋላ ቅጂውን ሰጠ፤ የገጾቹን ቁጥር ስከታተል ግን መሃል ላይ ዘለለብኝ። የጎደለውን ገጽ ደግመን ጠየቅንና አገኘን። ነገሩ ሁሉ ያለው እዚያ ነበር፦ ጣሪያው ላይ ያለው ውሃ ተከላካይ ንጣፍ ማለቁን፣ መሐንዲስ እንዲታደስ መምከሩን፣ ምልአተ ጉባኤ ባለመሙላቱም ጉዳዩ ለሚቀጥለው ስብሰባ መተላለፉን ይናገራል። በሚቀጥለው ስብሰባ ቃለ ጉባኤም ያው ዓረፍተ ነገር ተደግሞ ተጽፏል። የመጠባበቂያው ገንዘብ ለዚህ ሥራ እንደማይበቃ ሒሳቡን ያየ ሁሉ ያውቃል፤ ስለዚህ ልዩ መዋጮ መምጣቱ አይቀርም፣ የሚከፍለውም በዚያ ቀን ስሙ በባለቤትነት የተመዘገበው ሰው ነው።

ይህን የማጋነን ለሚመስለው ሰው ሁለት ሕንፃዎችን ልጥቀስ። ጃፓናዊው አርክቴክት ኪሾ ኩሮካዋ የነደፉትና በቶኪዮ እ.ኤ.አ. በ1972 የተሠራው ናካጊን ካፕሱል ታወር እያንዳንዳቸው 10 ካሬ ሜትር ያህል የሆኑ 140 ክፍሎች ነበሩት፤ ክፍሎቹ ከ25 ዓመት ገደማ በኋላ በአዲስ እንዲተኩ ታስበው የተሠሩ ቢሆንም አንዱም ሳይተካ አርጅቶ በ2022 ፈረሰ። በዚያ ጥበት ውስጥ ወድደው የኖሩ ሰዎች እስከ መጨረሻው ነበሩ፤ ጠፍቶ የቀረው የጋራ ስምምነትና የጋራ ገንዘብ ነው። ሁለተኛው ከዚህ በጣም የከፋ ነው። በፍሎሪዳ ሰርፍሳይድ የነበረው ባለ 12 ፎቅ ቻምፕሌይን ታወርስ ሳውዝ ሰኔ 24 ቀን 2021 እ.ኤ.አ. በከፊል ተደርምሶ 98 ሰዎች ሞተዋል። በ2018 አንድ መሐንዲስ በመዋኛው አካባቢ ያለው ውሃ ተከላካይ ንጣፍ ከጥቅም ውጭ መሆኑንና ከሥሩ ያለው ኮንክሪት ክፉኛ መጎዳቱን በሪፖርት አስታውቆ ነበር፤ ባለቤቶቹ ስለ ወጪው ሲከራከሩ ቆይተው ወደ 15 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ መዋጮ ቢያጸድቁም ዋናው የኮንክሪት ጥገና ሳይጀመር ሕንፃው ወረደ።

ወደ ራሴ ጉዳይ ልመለስ። ቦታው ስለተመቸን ቤቱን አልተውነውም፤ ይልቁንም ከሽያጩ በፊት በቃለ ጉባኤ የተነሣ ማንኛውም የጥገና መዋጮ የሻጩ ዕዳ እንዲሆን፣ ለዚሁም ከዋጋው የተወሰነው ክፍል በጠበቃ እጅ እንዲቆይ በውሉ ላይ አስጻፍሁ። ሻጩ አጉረመረሙ፤ ደላላው ፊት ለፊቴ «እንደዚህ ያለ ተጠራጣሪ ገዢ አይቼ አላውቅም» አለ። እኔም አልተከራከርሁትም፣ አስፈርሜ ገባሁ።

ብዙም ሳይቆይ በመጨረሻው ፎቅ ላይ ያለው የእኛ ቤት ግድግዳ ላብ ያወጣ ጀመር። ለጽሕፈት ቤቱ ባመለክት ያው ኃላፊ «የውስጥ ቧንቧዎ ነው፤ የግል ጉዳይዎ ነው» አሉ። እዚህ ላይ ልብ ይበሉ፤ የኮንዶሚኒየም ክርክር ሁሉ የሚጀመረው የግሉ የት አልቆ የጋራው የት እንደሚጀምር ባለመታወቁ ነው፤ ደንቡ በግድግዳ ውስጥ ስለሚያልፉ ቱቦዎች ምን እንደሚል ሳያነቡ አይፈርሙ። እኔ የቤታችንን ውሃ ዋና መዝጊያ ዘጋሁት፤ እርጥቡ ግን ዝናብ በጣለ ቁጥር እየሰፋ ሄደ። በየጊዜው ዳሩን በእርሳስ እያሰመርሁና ቀን እየጻፍሁበት ፎቶ አነሣሁት፤ የቧንቧ ባለሙያም ምንጩ የእኛ መስመር እንዳልሆነ በጽሑፍ እንዲያረጋግጥልኝ አደረግሁ። ሁሉንም አባሪ አድርጌ ሳስገባ ቃላቸውን ዋጡ። የልዩ መዋጮው ደብዳቤ በስሜ ሲመጣም ከኪሴ አንዲት ሳንቲም ሳላወጣ በጠበቃው እጅ ከቆየው ገንዘብ ከፈልሁ። ከእኛ ጋር በተቀራራቢ ጊዜ እኩል ስፋት ያለው ቤት የገዙ ጎረቤታችን ያንኑ መዋጮ ለመክፈል ተበድረዋል፤ እሳቸውን ሳይ አዝናለሁ፣ በራሴ ግን መኩራቴን አልደብቅም።

ከዚያ በኋላ ሌላ ቦታ የሚኖሩትን ባለቤቶች አንድ በአንድ እየደወልሁ ውክልና ሰበሰብሁ። ብዙዎቹ እምቢተኞች አልነበሩም፤ የስብሰባ ጥሪ ደርሷቸው የማያውቅ ነበሩ፣ ምክንያቱም ጽሕፈት ቤቱ ጥሪውን የሚለጥፈው እነሱ በማይረግጡት ደረጃ ሥር ነው። ምልአተ ጉባኤው ሞላ፤ ወርሃዊው መዋጮ ተሻሻለ፣ ወለል የሚቀይር ሰው ድምፅ የሚቀንስ ንጣፍ እንዲያነጥፍም በደንቡ ገባ። ኃላፊው ዛሬ እኔ ስገባ ከወንበራቸው ይነሣሉ።

ስለ መዋጮ ካነሣሁ አይቀር፣ ወጪው በቤት ብዛት እኩል ይከፈል ወይስ በስፋት ድርሻ የሚለውን ከደንቡ ላይ ይመልከቱ። የጥበቃና የጽዳት ወጪ በእኩል የሚከፋፈል ከሆነ 35 ካሬ ሜትር ያለው ሰው 100 ካሬ ሜትር ካለው እኩል ይከፍላል፤ ትንሽ ቤት ርካሽ ነው የሚለው አባባል የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው። የግዢው ዋጋም ቢሆን በካሬ ሜትር ሲሰላ ብዙ ጊዜ ከሰፊው ይወደዳል፤ ወጥ ቤትና መታጠቢያ ቤት በሁለቱም መሠራታቸው አይቀርምና። በብድር የሚገዙ ከሆነ አንዳንድ አበዳሪዎች ከተወሰነ ስፋት በታች ለሆነ ቤት ገንዘብ ስለማይሰጡ አስቀድመው ያጣሩ፤ ነገ ለመሸጥ ሲፈልጉም ገዢዎ የሚገጥመው ይኸው ነው።

ስለ ፎቅ ምርጫ አራተኛ ብዬ ልጽፍ አስቤ ነበር፤ ያልሁት ስለበዛ አሳጥረዋለሁ። የመጨረሻው ፎቅ ኮቴ የለበትም፤ ሙቀቱና የጣሪያው ዕዳ ግን ቅርብ ነው። ከሁሉም በታች ያለው ፎቅ ደግሞ ዋናው የፍሳሽ ቱቦ ከታች ሲደፈን ከላይ ያሉት ሁሉ የለቀቁት ውሃ መጀመሪያ የሚገነፍልበት ስለሆነ፣ በወለሉ ማፍሰሻ ዙሪያ የቆየ እድፍ እንዳለ ጎንበስ ብለው ይመልከቱ። የመሃሉን ፎቅ ካገኙም ከሊፍቱና ከውሃ መግፊያው ክፍል ጋር ግድግዳ የማይጋራውን ይምረጡ። ከቤቶቹ ውስጥ ስንቶቹ ባለቤቶቻቸው እንደሚኖሩባቸው ለማወቅ ደላላውን አይጠይቁ፤ የሕንፃውን ጥበቃ ሰላም ብለው ያነጋግሯቸው፣ ማን ባለቤት ማን ተከራይ እንደሆነ በር በበር ይነግሩዎታል።